ለእንግዳ የምትቆም እግር

ቆመች። ማንም ሳይደግፋት፣ አንድ ጣት እንኳ ሳይነካት፣ ያቺ አሮጊት ብድግ ብላ ቆመች። ያውም ለማን? ስሟን ለማታውቃት፣ ጫማዋ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ አጥልቃ ለመጣች የመድን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ! ሄራን ከጠዋት ጀምሮ ነገሩን እያላመጠችው ነው፤ አይዋጥላትም፣ ልትተፋውም አልቻለችም። ምሳ ተበልቷል፣ ነርሷ መብራቱን አጥፍታ መጋረጃውን ጋርዳለች፣ ስድስቱም በሽተኞች ጋደም ብለዋል፣ ከየአልጋው ሥር እየተሳበች በምትወጣው ጠባብ አልጋ ላይ አስታማሚዎቹም አሸልበዋል፤ ሁሉም እንደ እሷ ከቻይና፣ ከኮሪያውያኑ አውራጃ ከያንቢያን፣ ወደ ኮሪያ ተሻግረው የመጡ፣ ስድሳን የረገጡ ሴቶች ናቸው። ከቀኑ ሃያ አራት ሰዓት የእነሱ የምትባለው ይህቺ አንድ ሰዓት ናት። ሄራን ግን ዓይኗ ፈጧል። ከላይ፣ ከአልጋው ጠርዝ፣ የማልሱን ግራ እጅ ወርዶ ፊቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በስትሮክ የደከመው እጅ፣ አሥራ አራት ወር ሙሉ ያጠበችው፣ ያሸችው፣ ጥፍሩን የቆረጠችው እጅ። ልትነክሰው ቃጣት። እንዲህ ያለ ሐሳብ በስድሳ አንድ ዓመት ሰው ራስ ውስጥ መምጣቱ ራሱ ነውር ነው፣ ግን መጣ፣ ምን ታድርገው።

ነገሩ ቀላል ነበር እኮ፣ ቀላል ነበር! የማልሱን ልጅ ጂንቴ ባለፈው እሑድ ከአሳንሰሩ አጠገብ ቆሞ በሹክሹክታ አስረድቷታል። «ወይዘሮ፣ ረቡዕ ከመድኑ ትመጣለች፤ እናቴ ደከም ብላ ትታይ፣ እ? ከባድ ደረጃ ከሰጧት ቀኑን ሙሉ ለቤት ረዳት ያግዙናል፣ እርስዎም አብረው ወደ ቤት ይገባሉ፣ ክፍል አለ። ቀላል ደረጃ ከሆነ ግን በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ነው፣ እሱንም እነሱ የሚልኩት ሰው ነው የሚሠራው።» ክፍል አለ። ሄራን ይህን ቃል ለሦስት ሌሊት እንደ ከረሜላ መጠጠችው። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ አገር ስትኖር በር ያለው ክፍል ኖሯት አያውቅም፤ ከሆስፒታል አልጋ ሥር ወደ ሆስፒታል አልጋ ሥር ነው የዞረችው። ከማልሱን ጋር እንኳ ይህ አምስተኛ ሆስፒታላቸው ነው፤ በየሦስት ወሩ መድኑ ክፍያውን ሲቀንስ ሆስፒታሉ በትሕትና ጎንበስ ብሎ «በሉ እንግዲህ» ይላል፣ እነሱም ድስትና ዳይፐራቸውን ጠቅልለው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። እንዲህ አብሮ የዞረ ሰው፣ ባልና ሚስት ቢሆን ኖሮ ተፋቅሯል ወይ ተፋቷል። እናም ሰኞና ማክሰኞ አሮጊቷን አስጠናቻት። «እማማ፣ ሴትዮዋ ስትመጣ ምን ይላሉ?» «አልችልም እላለሁ።» «ይቁሙ ሲሉዎትስ?» «ወገቤን እላለሁ።» «ጎበዝ።» አርባ ዓመት በኢንቾን ገበያ ዓሣ ስትሸጥ የኖረች ሴት፣ የትናንትን ዓሣ የዛሬ ነው ብላ የሸጠች ሴት፣ ለአንድ ሩብ ሰዓት ውሸት ታንሳለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሴትዮዋ ትገባለች። ጎንበስ ብላ ሰላምታ ትሰጣለች፣ ደረቷ ላይ ያቀፈችውን ሰሌዳ አስተካክላ «እማማ ማልሱን፣ ከሩቅ ነው የመጣሁት፣ ላስቸግርዎ ነው» ትላለች። እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። «ከሩቅ» የምትለዋን ቃል ማን በይ አላት! የማልሱን ፊት ተለወጠ፣ ያ የተጣመመው የከንፈሯ ጥግ ቀና አለ፣ «እንዴ፣ እንግዳ መጥቶ እኔ ተጋድሜ!» አለች፣ ብርድ ልብሱን በቀኝ እጇ ገፈተረችው፣ እግሮቿን አወረደች፣ የአልጋውን ብረት ያዘች፣ ከዚያም ለቀቀችው፣ ቆመች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፣ ተመልሳ ቀና አለች። ሄራን እጇን ዘርግታ ደርቃ ቀረች። አሮጊቷ ይባስ ብላ «ሄራን፣ ከማቀዝቀዣው እርጎ አውጪላቸው፣ ምነው ዝም ብለሽ ታያለሽ» ብላ አዘዘች! ሴትዮዋ እርጎውን አልተቀበለችም፣ ለእነሱ ክልክል ነው፤ ሰሌዳዋ ላይ ግን ጻፈች። ያለ እርዳታ ትቆማለች። ሄራን አንገቷን አስግጋ አንብባዋለች። ሴትዮዋ ከበሩ እንደወጣች ማልሱን እንደ ሩዝ ጆንያ ተዘርግፋ ክንዷ ላይ ወደቀች፣ ላብ በላብ ሆና፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ፤ ይህን ግን ማንም አልጻፈውም።

ጂንቴ በስልክ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ምን ይደረጋል ወይዘሮ፣ እናቴ ናት» አለና ሳቅ አለ፣ ሳቁ ውስጥ ደግሞ ኩራት ነበረበት፣ ሄራን ሰምታዋለች፤ እናቱ ቆመች እኮ፣ ደስ ብሎታል። ይበለው። ለእሱም ትቆምለታለች፣ በየእሑዱ ሲመጣ ጸጉሯን አስበጥራ የአልጋውን ብረት ይዛ ብድግ ትላለች። ለዚያ ሀንሶል ለሚባለው የፊዚዮቴራፒ ልጅማ አይነገር! በስፖንጅ ላይ ቁሚ ሲላት ትቆማለች፣ ኳስ ያዢ ሲላት ትይዛለች፣ ክብደትሽን ወደ ግራ ጣይ ሲላት ትጥላለች፣ በመስተዋቱ ውስጥ እየተያዩ ይሳሳቃሉ። አሥራ አራት ፈተናዎች አሉ፣ እያንዳንዱ ከአራት ይታረማል፣ በሰኔ ወር አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ያገኘችው አሮጊት አሁን ሠላሳ አንድ ገብታለች፤ ሀንሶል ውጤቱን ሲናገር ራሱ የወለዳት ነው የሚመስለው። በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው የሚያያት፣ የቀረውን ሃያ ሦስት ሰዓት ማን ያያታል? እሱ ደግሞ ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት «ወይዘሮ፣ እባክዎ ጣትዎን ከሱሪያቸው ያውጡ» አላት። አስታማሚ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ በሽተኛዋ ስትቆም ሁለት ጣት ከኋላ በቀበቶዋ መስመር ይገባል፣ ልትወድቅ ስትል ትይዛታለህ፣ ማንም አያስተምረውም፣ እጅ ራሱ ያውቀዋል። «እርስዎ ሲይዟቸው እሳቸው ይለቃሉ። እስኪ ይንገዳገዱ። ካልተንገዳገዱ ሚዛናቸው አይመለስም።» አወጣች። ማልሱንም ተንገዳገደች፣ ተስተካከለች፣ ለልጁ ጥርሷን አሳየችው። ለሄራን ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም። ሄራን የዚያን ቀን ሩዟን ሳትበላ ዋለች፣ ቢጠይቋት ሆዴን ነው ትል ነበር፣ ማንም አልጠየቃትም።

ለሁሉም ትቆማለች፣ ለእኔ ብቻ ትወድቃለች። ይኸው ነው አንጀቷን የሚያሳርራት፣ በቀጥታ ስትናገረው። ክፍሉም አይደለም፤ እሺ፣ ክፍሉም ነው፣ ግን ክፍሉ ብቻ አይደለም።

እሷም እኮ የሚቆምላት ሰው አላት። እናቷ፣ እዚያው ያንቢያን፣ በሎንግጂንግ ከተማ፣ ሰማንያ አራት ዓመቷ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ደዌ ተመትታ፣ ለሄራን ትቆማለች። በየረቡዑ በቪዲዮ ስትደውል እናቷ ከሥሩ በእሳት ከሚሞቀው መደብ ላይ ወርዳ፣ ጸጉሯ በውሃ ተለስኖ፣ ሄራን የላከችላትን ሐምራዊ ሹራብ እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ የቁም ሣጥኑን እጀታ ይዛ ቆማ ነው የምትጠብቃት። ወንድሟ ቺንዳዎ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ አስታማሚዋ ሚስቱ ጉምዳን ናት። ጉምዳን መጀመሪያ ጊዜ «እትዬ፣ እኔ ስለምናት አትነሣም፣ ቀኑን ሙሉ እኔው ላይ ተጋድማ ነው የምትውለው። የእርስዎ ስልክ ሲጮህ ግን!» ስትላት ሄራን እንዴት ደስ እንዳላት! አይዞሽ አለቻት፣ በሆዷ ግን ዘፈነች። አየሽ? አንቺ ታጥቢያለሽ፣ ታበያለሽ፣ እግር የሚሰጣት ግን የእኔ ድምፅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያልተገኘች ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ስታገኝ ትለቀዋለች? ስልኩን ሆን ብላ ታስረዝመዋለች። ስለ ጎመኑ ትጠይቃለች፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ትጠይቃለች፣ እናቷ ቆማ ትመልሳለች፣ ሁሌም ደህና ናት፣ ሁሌም በልታለች፣ ሁሌም «አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ፣ ስለደወልሽ እናመሰግናለን» ትላለች። ባለፈው ረቡዕ አርባ ደቂቃ ቆመችላት። አርባ ደቂቃ! ሀንሶል ይስማ፣ ያ ስፖንጁን ይዞ የሚኮራ።

ከላይ የተንጠለጠለው እጅ ተንቀሳቀሰ፣ አፍንጫዋን ዳበሰ። «ሄራን። ሽንቴ።»

አነሣቻት። ማልሱን እንደ ልማዷ ሁለቱንም እጇን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ጉንጯን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ሙሉ ክብደቷን ለቀቀችባት። ወደ መታጠቢያ ቤቱ እየጎተተች አስገባቻት፣ በሩን ዘጋች፣ አስቀመጠቻት፣ ከዚያ ወዲያ መቻል አቃታት።

«ጠዋት የቆመችው እግር የት ሄደች እማማ?»

«የቷ እግር?»

«የቷ ይላሉ እንዴ! ያቺ ለሴትዮዋ ብድግ ያለችው! ወገቤን እላለሁ አላሉኝም? ሁለት ቀን አላጠናንም?»

ማልሱን ሽንቷን ጨረሰች፣ ጊዜዋን ወሰደች። «ከሩቅ ነው የመጣሁት አለች እኮ።»

«ቢሆንስ!»

«እንግዳን ተጋድሜ ልቀበል? እናቴ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ አትለኝም?»

«ለጂንቴ ይቆማሉ። ለዚያ ለስፖንጁ ልጅ ይቆማሉ። ለእኔ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ቆመው ያውቃሉ?» አፈረች፣ ግን ጀምራለች። «ወገቤ ተቆረጠ እኮ እማማ! ሌላው ሲመጣ ጀግና፣ እኔ ስመጣ ጆንያ!»

አሮጊቷ በደህናዋ ዓይኗ ከሥር ወደ ላይ አየቻት፣ በጣም ገርሟታል። «ለአንቺ ምን ብዬ ነው የምቆመው? እንግዳ ነሽ?»

ሄራን የመጸዳጃ ወረቀት ቀድዳ አቀበለቻት።

«መጀመሪያማ ቆሜልሽ ነበር። ረስተሽዋል። በመጣሽ ሰሞን ወይዘሮ እያልኩ፣ እርስዎ እያልኩ፣ በገባሽ ቁጥር ቀና ለማለት ስፈራገጥ አልነበር? ሞቼ ነበር በድካም። በኋላ አንድ ቀን ሾርባውን እጅጌሽ ላይ ደፋሁት፤ 'አርፈው ይቀመጡ፣ ሁለታችንንም ሊቀቅሉን ነው እንዴ' ብለሽ ጮኽሽብኝ። ጎረቤት አልጋ ያሉት ሁሉ ዞር አሉ።»

«ያን ቀን የሚያባርሩኝ መስሎኝ…»

«እኔ ግን እፎይ አልኩ። እንግዳ አይቆጣም፣ ሄራን። ይኸው ከዚያ ወዲያ ተደገፍኩ። በይ አንሺኝ፣ ብርድ ነው።»

አነሣቻት። ክብደቱ ያው ነበር፣ እንዲያውም የባሰ፣ ግን ሄራን ሁለት ጣቷን በሱሪዋ መስመር አስገብታ ወደ አልጋዋ ስትመልሳት አልተነጫነጨችም። ብርድ ልብሱን አለበሰቻት። እንግዳ አይቆጣም። ጫማዋን ስታደርግ፣ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ፣ ከውሃ ማሽኑ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ይቺው አረፍተ ነገር ትከተላታለች። እሷ እናቷን ተቆጥታ ታውቃለች? ከዚያ በፊት፣ ገና አገሯ ሳለች፣ መች ትተዋት! ስለ ጨው ይጣላሉ፣ ስለ ጎመን አሠራር ይጣላሉ፣ የእናትና የልጅ ጩኸት ሦስተኛ ቤት ይሰማል። ከመጣች ወዲህ ግን በስልክ ማር ናት። እማዬ፣ ሹራቡ እንዴት ሆነልሽ? ደስ የሚል ሹራብ ነው ልጄ፣ እናመሰግናለን። እናመሰግናለን ይባላል ለልጅ? በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄዳለች፣ ሦስቱንም ጊዜ ዶሮ ታርዶላታል፣ አዲሱ ብርድ ልብስ ወጥቶላታል፣ ሳህን ልታጥብ ስትነሣ ጉምዳን ከእጇ ነጥቃ «ተቀመጡ እትዬ፣ ደክሞዎታል» ብላታለች፣ እሷም ተቀምጣለች፣ ደስ ብሏትም ነበር። ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ረቡዕ ነው። ሰዓቱ ነው።

ደወለች። እናቷ ቆማለች። ጸጉሯ ከውሃው ገና አልደረቀም፣ ሐምራዊው ሹራብ እስከ አንገት ተቆልፏል፣ ቀኝ እጇ የሣጥኑን እጀታ ይዟል፣ ፈገግታዋ ተዘጋጅቶ ጠብቋል። ሄራን ዛሬ ፊቷን አላየችም። ጉልበቷን አየች። ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ማልሱን ጠዋት። ከዚያ ከወገቧ በስተኋላ አንድ እጅጌ አየች፣ ምንጊዜም እዚያ የነበረ፣ እሷ አይታው የማታውቅ እጅጌ፤ ጉምዳን ከምስሉ ውጭ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት ጣቷን በእናቷ ሱሪ መስመር አስገብታ ይዛታለች። ማንም አላስተማራትም። እጅ ራሱ ያውቀዋል።

«ደህና ነሽ ልጄ? በላሽ?» አለች እናቷ። «እኛ ደህና ነን። ስለደወልሽ እናመሰግናለን።»

«እማዬ፣ ተቀመጪ።»

«ኧረ ምንም አልል! ደህና ነኝ፣ አልደከመኝም።»

«ተቀመጪ እኮ አልኩሽ።»

«አንቺ ከዚያ ማዶ ደውለሽ እኔ…»

«እማዬ!» ሄራን ከወንበሯ ተነሣች፣ በኮሪደሩ ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ ዞር አለ፣ ግድ የላትም። «ማን መጥቶ ነው የምትቆሚው? የመንደር ሹም ነኝ? አርፈሽ ቁጭ በይ፣ ወድቀሽ ዳሌሽን ልትሰብሪ ነው እንዴ! ጉምዳን፣ አስቀምጫት! ይቺ ግትር አሮጊት!»

የእናቷ ፈገግታ ከፊቷ ላይ ወረደ፣ አፏ ክፍት ቀረ። ሄራን ደነገጠች፣ ምን አደረግኩ፣ በሳምንት አንዴ ስልክ፣ አንዴ… ከዚያ እናቷ ወደ ኋላ ዞራ ጉምዳንን «ተቆጣችኝ እኮ» አለቻት። «ሰማሽ? ያ አመሏ። ሞቷል ብዬ ነበር።» ሳቀች፣ በተጣመመ አፏ፣ በዝግታ ሳቀች፤ የሣጥኑን እጀታ ለቀቀች፣ መደቡ ላይ ወረደች፣ ዞር ብላም ያላየችውን ትከሻ እዚያው እንዳለ አውቃ ራሷን ጣለችበት። ጉምዳን በምስሉ ውስጥ ገባች፤ ፊቷ ከስቷል፣ ትከሻዋ ደግሞ ቀጭን ነው፣ የእናቷ ጭንቅላት ግን እዚያ ትከሻ ላይ የራሱን ጎድጓዳ ሠርቷል፣ ስትጋደም ልክ ገባ። ሄራን አየችው። ቀናች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀንታ አታውቅም፣ ለክፍሉ ያልጓጓችውን፣ በሀንሶል ያልቀናችውን ያህል፣ ጥርሷን ነክሳ ቀናች።

«ይቺ ሹራብ ታሳክከኛለች» አለች እናቷ ዓይኗን ጨፍና። «ከገዛሽልኝ ጀምሮ። አንቺ ስትደውዪ ነው የምለብሳት። ጉምዳን፣ ፍቺልኝ።»

ጉምዳን ደንግጣ ወደ ስልኩ አየች። «እትዬ፣ እንዲያው ነው፣ እኮ…»

«ፍቺላት» አለች ሄራን። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ተፈቱ፣ ከሥር አሮጌው፣ ክርኑ የተጣፈው ሹራብ ታየ፣ ሄራን አገሯ ሳለች የምታውቀው። «በይ ቀጥይ እማዬ» አለች። «ሌላስ ምንሽን ነው?»